የቅዳሜ ወንፊት

የደባርቁን ሆቴል በር ገፋ አድርጌ ስገባ ቀድሞ የተቀበለኝ ሰው አይደለም፤ የወለል ሰም ሽታ ነው። ያ በጣሳ የሚሸጠው ቀዩ ሰም፣ በጨርቅ ተቀብቶ በብሩሽ የሚወለወለው። ዛሬ ቤቱ ሁሉ ሴራሚክ ሆኗል፤ ሰም የሚቀባ ሆቴል ከጎንደር ወዲህ አላየሁም። የዚህኛው ባለቤት እናኑ ግን ፎቁን ስታሠራ ኮሪደሩን በሳንቃ አስደረገችና በየሳምንቱ ሰም ታስቀባዋለች። የት እንደተማረችው አውቃለሁ። አብረን ነው የተማርነው፤ ዳባት፣ ከካቶሊኮቹ ኮሌጅ፣ እሷ ከግራ ግድግዳ እኔ ከቀኝ ተንበርክከን እየወለወልን፣ መሐል ላይ ስንገናኝ ግንባር ለግንባር እየተጋጨን፣ እየሳቅን። ያን ቀን ኮሌጃችን የተከፈተበት ሃያ አምስተኛ ዓመት ይከበር ነበርና ምሩቃን በሙሉ የተጠራነው ወደ እሷ አዳራሽ ነበር። ሌላው ሰው አዲስ ልብሱን ለብሶ፣ ልጆቹን አስከትሎ መጥቷል። እኔ የመጣሁት ቂሜን ይዤ ነው። ድሮም ደብቄው አላውቅም፤ አሁንም አልደብቀውም።

ኮሌጅ ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ሁለት የመማሪያ ክፍል፣ አንድ ጠባብ ቤተ መጻሕፍት፣ የጸሎት ቤት፣ ወጥ ቤትና ሁለት መኝታ ቤት ነው፤ ከአውራ ጎዳናው በላይ ባሕር ዛፍ መሐል ተደብቆ። መንግሥት በተለወጠ ማግሥት፣ አገሩ ሁሉ አስተማሪ ባጣበት ጊዜ፣ ሲስተሮቹ መጥተው ለገጠር ትምህርት ቤት የሚሆኑ መምህራን ማሠልጠን ጀመሩ። የሰው ሃይማኖት አንነካም ብለው ለአገሩ ሽማግሌ ቃል ገብተው ነው የገቡት፤ ቃላቸውንም ጠብቀዋል። ተማሪው ከሁለት ከሦስት ሰው በቀር ማተብ ያሰረ ነበር። እሑድ እሑድ እነሱ ወደ ጸሎት ቤታቸው ሲገቡ እኛ ነጠላችንን አጣፍተን ቁልቁል ወደ ማርያም እንወርዳለን። ይሁንና በእኛ አገር «ካቶሊክ» የሚለው ቃል ከነገሥታቱ ዘመን ጀምሮ ያልሻረ ቁስል ነው፤ ሽማግሌው ሁሉ ትናንት በዓይኑ ያየው ይመስል ያወራዋል። በቅዳሴ ጊዜ አንዳንድ ሴቶች ከአጠገባችን ፈቀቅ ብለው ይቆሙ ነበር። እኛ በልጅነታችን እንስቅባቸዋለን። ሳቅ ዋጋ እንዳለው ያን ጊዜ አላወቅሁም።

የዚያን ጊዜዋን ዳባት ሳስብ ግን ልቤ ይላላል፣ ምን ላድርግ። ሻይ በስሙኒ ነበር፣ ዳቦው በስሙኒ፤ ሽልንግ የያዘ ሰው ጠግቦ ይነሣል። በገበያ ቀን የሰልባጅ ነጋዴዎች ሸራቸውን ዘርግተው የፈረንጅ ሹራብ ይከምራሉ፤ የእሳት ራት መከላከያው ሽታ ከሩቅ ይጠራል። እኔና እናኑ ብራችንን አዋጥተን አንድ አረንጓዴ ሹራብ በስምንት ብር ገዝተን ነበር፣ ቁልፉ የወርቅ ቀለም የተቀባ፤ አንድ ሳምንት እሷ አንድ ሳምንት እኔ እንለብሳለን። ብርዱን መቼም የዳባትና የደባርቅን ብርድ ያላየ አያውቀውም፤ ሹራብ የሌለው ሰው ባና ደርቦ ነው ወደ ክፍል የሚገባው። አውቶቡስ የሚቆምበት ጥግ ላይ አንድ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ቴፑን በረንዳው ላይ አስቀምጦ ቀኑን ሙሉ ያንኑ ካሴት ያጫውታል። የባትሪ ድንጋዩ ሲደክምበት ዘፋኟ ሴት እያደር ወንድ ትሆናለች። ያኔ ድንጋዮቹን አውጥቶ ፀሐይ ላይ ያሰጣቸውና ከሰዓት በኋላ ዘፋኟ ድምጿ ተመልሶላት ትመጣለች። ዛሬ በዚያ ጥግ የሞባይል ካርድና የስልክ መሸፈኛ ይሸጣል። ባለፍኩ ቁጥር ግን ጆሮዬ ይቆማል።

አሁን ወደ ወንፊቱ ልምጣ፤ ነገሩ ሁሉ እሱ ነውና። የወጥ ቤቱ ኃላፊ ሲስተር ሮዛ የሚባሉ አጭር፣ ቀይ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ፈረንጅ ነበሩ። ለእሑድ ቅዳሴያቸው የሚሆነውን ኅብስት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይጋግራሉ። የእነሱ ኅብስት እንደ እኛው አይደለም፤ እርሾ የለውም፣ እንደ ወረቀት የሳሳ ነው። ዱቄትና ውኃ ያቀጥኑና ረጅም እጀታ ባለው፣ ፊትና ፊት በሚገጥም ብረት መሐል አፍሰው ይጋግሩታል። ከዚያ በክብ መቁረጫ እየቆረጡ ክቦቹን ለይተው ያስቀምጣሉ። የሚተርፈው ስስ ቂጣ ክብ ክብ ቀዳዳ የሞላበት ነው። እኛ ወንፊት አልነው። ገና አልተጸለየበትም፣ ወደ ጸሎት ቤቱም አልገባም፤ ካልበላነው ለዶሮ ነው። ወጥ ቤት ተረኛ የሆነች ልጅ ሁሉ ቅዳሜን የምትወደው ለዚህ ነው፤ ቀርጨጭ ቀርጨጭ ይላል፣ አፍ ውስጥ ገብቶ ይጠፋል። እናኑ ከሁላችንም ትብሳለች። ቀዳዳው ውስጥ ጣቷን ከትታ እንደ ቀለበት ታስርና፣ «ተሞሸርኩ» ትለናለች፤ ከዚያ ቀለበቷን ትበላዋለች።

የምሩቃን ዜና የሚባለውንም ወግ ያመጡት እኚሁ ሲስተር ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ተመራቂዎች ወደ በየዳ፣ ወደ አምቢኮ፣ መኪና ወደማይገባበት ሲበተኑ ስልክ የለ፣ ምን የለ፤ ማን ይኑር ማን ይሙት አይታወቅም። ስለዚህ በዓመት አንድ ቀን ሁሉም ይሰበሰብና ከምሳ በኋላ ዜና ነጋሪ ተነሥቶ የዓመቱን ዜና ይናገራል፤ ማን አገባ፣ ማን ወለደ፣ ማን ርዕሰ መምህር ሆነ፣ ማንን ቀበርን። ስሙ የተጠራ ይነሣል፤ ሴቱ እልል ይላል። ደንቡ ሁለት ነበር። አንደኛው፣ ዜናው የሚነገረው በነጋሪው አፍ ብቻ ነው፤ ማንም ተነሥቶ ስለ ራሱ አያወራም። ሁለተኛው፣ ዜና ነጋሪ የራሱን ዜና አይናገርም። ድምፅሽ ጥሩ ነው ብለው እኔን መረጡኝ፤ እኔም ዳባት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስለተመደብኩ ለሁሉም መንገድ ላይ ነበርኩ። እስከ ዛሬም የሻረኝ የለም።

ያገባ፣ የወለደ እያልኩ የምናገረው እኔ፣ አንድ ጊዜ ለጥቂት ነበር ዜና ሳልሆን የቀረሁት። ገና ኮሌጅ ሳለሁ ነው፤ ሙላት የሚባል የደባርቅ እህል ነጋዴ ልጅ ነበር። አባቱ ከአምባ ጊዮርጊስ ገብስና ምስር የሚጭን አይሱዙ ነበራቸው፤ እሱ ከሾፌሩ ጎን እየተቀመጠ ሲመላለስ ልብስ ሰፊው ጥግ ላይ ያስቆማል፣ ሱሪው ሳይቀደድ ሱሪ ሊያሰፋ። እንዲህ እንዲህ እያለ ሽማግሌ ተላከ፤ የእኔም ወገን እሺ አለ። ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ በተክሊል እንዲሆን ተቆረጠ። በተክሊል ለመጋባት ደግሞ የነፍስ አባት ምስክርነት ያስፈልጋል። የሁለታችንም ቤት ነፍስ አባት መምሬ ተገኘ ነበሩ፤ የእናኑ ቤትም እንዲሁ። ጠንቃቃ ካህን ናቸው፤ ክፉ ሰው አይደሉም። ይኸን የምለው ለፍርድ እንዲመች ነው እንጂ ለእሳቸው አዝኜ አይደለም።

ለምስክርነቱ ይሆናል ብዬ ስሄድ መምሬ ከቤታቸው ደጃፍ መደብ ላይ ተቀምጠዋል። መስቀላቸውን ተሳለምኩ። ቀና ብለው ሳያዩኝ፣ «ልጄ፣ አንድ ነገር ሰምቻለሁ። ከካቶሊኮቹ ኅብስት በልተሻል ወይስ አልበላሽም?» አሉኝ። ነገሩ ስለ ወንፊቱ መሆኑ ሲገባኝ ሳቄ መጣ፤ ሳቅሁም። «በልቻለሁ አባቴ፤ ግን ቁርባን አይደለም። ሊጥ ነው፤ ዱቄትና ውኃ ነው» አልኳቸው። «አብሮሽ የበላ ማን ነው?» ሲሉኝ እናኑ በዓይኔ መጣች። እናቷ ኃይለኛ ናቸው፤ ከኮሌጅ ያስወጧታል ብዬ ፈራሁላት። «ብቻዬን ነው የበላሁ» አልኩ። መምሬ እጃቸውን አነሡ። «በልቻለሁ አልሽ፤ በቃ። ኅብስት ነው ሊጥ ነው የሚለውን ለእኛ ተይው» ብለው ቄደር እንድጠመቅ አዘዙኝ። ቄደር ሃይማኖቱን የካደ ሰው ተመልሻለሁ ሲል የሚጠመቀው ጥምቀት ነው።

እምቢ አልኩ። ያልሄደ ሰው አይመለስም፤ እኔ የትም አልሄድኩም። ያን ውኃ በራሴ ላይ ባስፈስሰው ክጃለሁ ብዬ በአገር ፊት መፈረሜ ነው። ሲስተር ሮዛ ነገሩን ሲሰሙ መጋገሪያ ብረቱንና መቁረጫውን በዘንቢል ይዘው፣ በታመመ ጉልበታቸው፣ አሠራሩን ላሳይ ብለው መምሬ ቤት ሄዱ፤ መምሬ ደጃቸውን አልከፈቱላቸውም። ሙላትን ልብስ ሰፊው ጥግ አግኝቼ ሁሉንም ነገርኩት። ቴፑ ያን ቀን ድንጋዩ ደክሞ ያቃስት ነበር። «ብትጠመቂ ምን አለበት? ውኃ ነው እኮ» አለኝ። «ያኛው ውኃ ከሆነ ይኸኛውም ሊጥ ነው» አልኩት። ዞሮ አይሱዙው ላይ ወጣ። ከፋሲካ በኋላ የመጣው ሠርግ ሳይሆን የተመለሰ ጥሎሽ ነበር።

ወንዱስ ይሂድ፤ ወንድ በዚያ መንገድ ሁልጊዜም ያልፋል። እናቴን ግን ማን ይመልስልኛል? መምሬ፣ ልጅሽ እስክትጠመቅ ከእጇ እንዳትበዪ ብለው አዘዟት። እናቴ የካህን ቃል አታጥፍም። ደመወዜን ተቀብዬ ጤፍ ብገዛላት ትቀበለኛለች፣ ድንችና ሽንኩርት ትቀበለኛለች፤ እኔ ያበሰልኩትን ግን አትቀምስም። ጥሬውን ከእኔ ትወስድና የበሰለውን ለብቻዋ ትበላለች። አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሰው፣ ሁለት ገበታ። «ልጄ፣ ውኃው ምን ይልሻል፤ ተጠመቂና አብረን እንብላ» እያለች ትለምነኝ ነበር። ደግሞም፣ «ቂም ይዞ ጸሎት ሳል ይዞ ስርቆት» እያለች ትገሥጸኛለች። በመጨረሻ ስትታመም አጥሚት ሠርቼ አቀረብኩላት። ዓይኗ እያየው፣ ከንፈሯ ደርቆ፣ ጎረቤት እንድጠራላት በእጇ ምልክት አሳየችኝ። ጎረቤታችን ከራሷ ቤት የሠራችውን አምጥታ አጠጣቻት። እኔ አጥሚቴን ይዤ በር ላይ ቆሜ አየሁ። ይህን ያየ ሰው ይቅር በይ ሲለኝ እሰማዋለሁ።

ማን እንደነገረብኝ ለረጅም ጊዜ አላወቅሁም ነበር። እናኑ ያን ሰሞን ከእኔ ጋር አልቅሳለች፤ አረንጓዴውን ሹራብም ያንቺ ይሁን ብላ ሰጥታኛለች። በዓመቱ ሙላትን በተክሊል ስታገባ እንኳ የቤተሰብ ግፊት ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ከዚያ ደባርቅ አንድ ለቅሶ ላይ የሙላት አክስት ከአጠገቤ ተቀመጡ። ሆዳቸው ንጹሕ ነው፤ እኔን ማጽናናታቸው ነበር። «አይዞሽ ልጄ፣ እግዜር ያወጣሻል። እናኑ ሄዳ ለመምሬ ባትነግርልን ኖሮ አንቺም ሳይታወቅብሽ ጠፍተሽ ትቀሪ ነበር» አሉኝ። ድንኳኑ ውስጥ አልቃሿ ሙሾ ታወርዳለች፣ ሰው ሁሉ ያለቅሳል፣ እኔም አለቀስኩ፤ ለሟቹ ግን አልነበረም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላሉ። እናኑስ የረሳችው አይመስለኝም፤ የረሳሁት እኔ ብሆንላት ደስ ይላት ነበር እንጂ።

ሄጄ ፀጉሯን አልነጨሁም። ያለኝ ነገር ድምፄ ብቻ ነበር፤ እሱን ነሣኋት። በዚያው ዓመት የምሩቃን ቀን እናኑ ባለ ጥልፍ ቀሚሷን ለብሳ ከፊት ተቀምጣለች፣ አዲስ ሙሽራ ናት። ያገቡትን ሁሉ ጠራሁ። የእሷ ስም ሲቀር ፈገግታዋ ፊቷ ላይ እንዳለ ደረቀ። በቀጣዩ ዓመት የበኩር ልጇን አዝላ መጣች፤ የወለዱትን ሁሉ ጠራሁ። በየዳ ላይ በቅሎ የገዛውን መምህር ተናግሬያለሁ። ቱሪስት እየመራ ከጭላዳ ጋር ፎቶ የተነሣውን ተናግሬያለሁ፣ ስኳር በሽታዋ የተሻላትን ሳይቀር ተናግሬያለሁ። የእናኑ ልጆች ክርስትና ሲነሡ፣ መጀመሪያ ሻይ ቤት ከዚያ ምግብ ቤት ሲከፈት፣ ፈረንጁ እየበዛ ፎቁ ሲነሣ፣ የበኩር ልጇ በነርስነት ሲመረቅ፣ አንዱንም አልተናገርኩም። በኮሌጃችን ዜና እናኑ አላገባችም፣ አልወለደችም፣ ቤት አልሠራችም። ሰው ረስተሻታል ሲለኝ፣ «ለሚቀጥለው ዓመት» እላለሁ። እሷ ደግሞ ለምን እንደሆነ ስለምታውቅ አፏን አትከፍትም። ያን የተዘጋ አፍ ሳይ ምን ያህል ደስ ይለኝ እንደነበር ብነግራችሁ ታፍሩብኛላችሁ። ቀረችም እንዳልል አንድ ዓመት ቀርታ አታውቅም። ትመጣለች፣ ከፊት ትቀመጣለች፣ ትጠብቃለች።

በሃያ አምስተኛው ዓመት በዓል ጠዋት በዚያ ሰም በተቀባ ኮሪደር ይዛኝ ሄዳ ከአንድ ትንሽ ክፍል አስቀመጠችኝ። የጦስኝ ሻይ በፔርሙዝ አዘጋጅታለች፤ ሲስተር ሮዛ ለጉንፋን ያጠጡን የነበረው ዓይነት። ወፍራለች፣ ወርቁ አንገቷ ላይ ይታያል፤ ሻዩን ግን ለአስተናጋጅ ሳትተው ራሷ ቀዳችልኝ። መንገዱ በዚያ ሰሞን በሁከቱ ምክንያት ቶሎ ቶሎ ይዘጋ ስለነበር እንግዳ ይቀርብኛል ብላ ሠግታ ኖሮ ስለ መንገዱ፣ ስለ ውኃ መጥፋት ስታወራ ቆየች። በኋላ፣ «እታለም» አለችኝ። በዚያ የቁልምጫ ስም ከጠራችኝ ልጆቿ አድገዋል። «ልጄ የመምሬ ተገኘን የልጅ ልጅ ሊያገባ ነው፣ በተክሊል። መምሬም ቤተሰቡም ዛሬ ከአዳራሹ አሉ። በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ስሜን ሳትጠሪው ብትቀሪ ምን ይላሉ? አንዴ ብቻ ጥሪኝ።»

«እጠራሻለሁ» አልኳት።

ተነሥታ ጉልበቴን ልትስም አጎነበሰች። አልከለከልኳትም። ሻዬን ጠጣሁ፤ ጦስኙ ጥሩ ነበር። ያን ጊዜ ነው ምን እንደምል የገባኝ። እስከዚያ ድረስ አስቤ የመጣሁት ተነሥቼ፣ «ይቺ ሴት በሐሰት ከሰሰችኝ» ብዬ ለመጮህ ነበር። ግን የተከሰሰ ሁሉ እንዲያ ይላል፤ ማን ያምነዋል? የተሻለ ነገር እሷው አቀበለችኝ።

አዳራሹ ሙሉ ነበር። መምሬ አርጅተዋል፣ ዓይናቸው ደክሟል፣ ጆሯቸው ግን ንቁ ነው፤ ከፊት በክብር ወንበር ተቀምጠው መስቀላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመዋል። ከጎናቸው የልጅ ልጃቸውና ወላጆቿ፣ ቀጥሎ ሙላት በሙሉ ልብስ፣ ከዚያ እናኑ። ከምሳ በኋላ ተነሣሁ። የአምቢኮው ርዕሰ መምህር ጡረታ መውጣቱን፣ አንዷ ጓደኛችን ልጇን ከአዲስ አበባ መዳሯን፣ ሌላው መንታ ማየቱን፣ ሁለት ሰው መቅበራችንን ተናገርኩ። እልልታውም ከንፈር መምጠጡም በየተራው ሆነ። በመጨረሻ፣ «እናኑ» አልኩ። ምሩቃኑ ቀና ቀና ብለው አዩኝ፤ ስሟን ከእኔ አፍ ሰምተው አያውቁምና። እናኑ ተነሣች፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«እናኑ የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ ነበረች» አልኩ። «ልጇ ነርስ ሆኗል። ይህን ያማረ ቤት ሠርታለች። ዛሬም ልጅነታችንን ታስታውሰናለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሲስተር ሮዛ ወጥ ቤት ወንፊት አብረን እንበላ ነበር። እሷ ከኔም የበለጠ ትወደው ነበር። ቀዳዳውን በጣቷ አጥልቃ፣ ተሞሸርኩ ትለን ነበር፤ ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሴቶቹ እጃቸውን እያጨበጨቡ፣ «እውነቷን ነው» አሉ፣ አንዱም ከኋላ ጣቱን አንሥቶ ቀለበቱን አሳየ። ክፋት የሌለበት ትዝታ ነው፤ አንድም የሐሰት ቃል የለበትም። እናኑ ግን አልሳቀችም፤ ቆማ ቀረች። ሳቁ ሲበርድ መምሬ ወደ ልጅ ልጃቸው አባት ዘንበል ብለው ወንፊቱ ምንድን ነው ብለው ጠየቁ። እሱ አያውቅም። ከጀርባቸው የተቀመጠ ምሩቅ በደስታ ነገራቸው፤ ሲስተሮቹ ለቅዳሴ ከሚጋግሩት የሚተርፈው ነው አላቸው። መምሬ ቀጥ ብለው ተቀመጡ።

«እናኑ፣ ልጄ» አሉ። «ከካቶሊኮቹ ኅብስት በልተሻል ወይስ አልበላሽም?»

ያቺው ጥያቄ ናት፣ ቃል ሳይጨመርባት ሳይቀነስባት። አልበላሁም እንዳትል አዳራሹ ሙሉ ምስክር ነው። እናኑ ወደ እኔ ዞረች። ዓይኗ፣ አንቺ ንገሪያቸው እንጂ ይል ነበር። እኔ ድምፅ ማጉያውን ከአፌ አራቅሁ። ዜና ነጋሪ ዜናውን ይናገራል እንጂ አይመሰክርም። የሙሽራይቱ እናት ነጠላዋን ስትሰበስብ አየሁ፤ ሊነሡ ነው። እናኑም አየች።

«በልቻለሁ አባቴ» አለች። ድምፅዋ አይሰማም፤ ግን ሁሉም ሰማ። «ቁርባን አይደለም። ሊጥ ነው። ዱቄትና ውኃ ነው።» ከዚያ፣ ሌላ መንገድ ስላልነበራት፣ «የሺም የበላችው ይኸንኑ ነው። አውቅ ነበር» አለች።

የሺ እኔ ነኝ። ሙላት ተነሥቶ ማንም ያላዘዘውን መስኮት ሊከፍት ሄደ፤ ከፈተውም፣ ጀርባውን ሰጥቶን እዚያው ቆመ። መምሬ በእጃቸው እየዳበሱ ተነሡ፣ የልጅ ልጃቸው ደግፋቸው ወደ እኔ መጡ። «ያን ጊዜም ይኸንኑ ነበር ያልሽኝ» አሉ። «እናትሽን ከእጇ አትብዪ ያልኳት እኔ ነኝ። ልጄ፣ አንቺ ፍቺኝ።» ካህን ለምእመን እንዲህ ሲል ሰምቼ አላውቅም። መስቀላቸውን ተሳለምኩና፣ «እግዚአብሔር ይፍታዎ» አልኳቸው። ስለ ራሴ ምንም አላልኩም።

የእናኑ ልጅ አግብቷል፤ ሊጥ መሆኑ ታምኖለት። እኔን ያላዳነ እውነት እሱን አዳነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ እያደር ማለት ስንት ዓመት እንደሆነ ግን የሚናገር የለም። አሁን የእናኑን ስም በየዓመቱ ከሁሉም አስቀድሜ እጠራለሁ። የልጅ ልጅ አይታለች፣ ሁለተኛ ሆቴል እየሠራች ነው፤ አንዱንም አላስቀርባትም። ትነሣለች፣ ወለሉን ታያለች፣ ትቀመጣለች። ይቅር ብለሻታል ወይ የሚሉኝ አሉ። አላልኳትም።

ከበዓሉ ማግሥት በመጀመሪያው መኪና ወደ ዳባት ወረድኩ። ልብስ ሰፊው ከነበረበት ጥግ ወርጄ፣ በእግሬ ቁልቁል ወደ ማርያም ሄጄ ከእናቴ መቃብር አጠገብ ተቀመጥኩ። ገብሱ ደርሶ ነበር፤ ከአጥሩ ወዲያ ሰዎች እያጨዱ ይጫወታሉ። ዜና ነጋሪ የራሱን ዜና አይናገርም የሚለውን ደንብ ያፈረስኩት እዚያ ብቻ ነው።

«እማየ» አልኳት፣ «ሊጥ ነው ብላለች። ከራሷ አፍ ነው የወጣ።»